እጅ የማይነሳው ውሻ

የፊታውራሪ መንበሩን ደጅ የሚጠና አንድ ምላሰኛ ባላገር ነበር። አጎቱ የቀማውን መሬት ያስመልሱልኝ ብሎ መጥቶ፣ "ነገ ና" ሲባል ሦስት ዓመት አለፈው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ፣ ፊታውራሪ ብቅ ሲሉ ግንባሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ እጅ ይነሳል።

አንድ ቀን ፊታውራሪ አዩትና ሳቃቸው መጣ።

"እንዳንተ እጅ መንሳት የሚያውቅ ሰው አላየሁም። እስቲ ይህን ሙያህን ለውሻዬ ለቡቼ አስተምርልኝ። ለመስቀል እንግዶቼ ፊት እጅ ከነሳልኝ መሬትህን አስመልስልሃለሁ። ካልነሳ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ" አሉት።

ባላገሩ ክረምቱን ሙሉ ቡቼ ፊት እያጎነበሰ ሲያሳየው ከረመ። የግቢው አሽከሮች "ለውሻ የሚሰግደው ሰውዬ" እያሉ ሳቁበት።

የመስቀል ዕለት ፊታውራሪ ከእንግዶቻቸው ጋር ወጡ። ባላገሩ እንደ ልማዱ ለጥ ብሎ እጅ ነሳ። ቡቼ ግን የተጣለለትን አጥንት እየቆረጠመ ቀና ብሎም አላያቸው።

"አንተ፣ ውሻ እንኳ ማስተማር አቃተህ?" አሉ ፊታውራሪ፣ እንግዶቹ እየሰሙ።

"ጌታዬ፣ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው" አለ ባላገሩ። "ቡቼ እኔን አየኝ፤ ጎንበስ ቀና ስል ውዬ ጦሜን አድራለሁ። ራሱን አየ፤ ተጋድሞ ሥጋ ይጣልለታል። በእርስዎ ደጅ እጅ መንሳት እንደማያበላ ለእሱ በአንድ ቀን ገባው። እኔ ነኝ ሦስት ዓመት የፈጀብኝ።"