አህያ ያፈነችው ጩኸት

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላ ጫካ መካከል ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበር። ፍሬው ወድቆ ሲሰነብት ይቦካል፤ የቦካውን የበላ ራሱ ይዞርበታል፣ ሐዘኑን ይረሳል፣ በነጋታውም ተመልሶ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ አህያ ነበር። ሚስቱን ደራሽ ውሃ ከወሰደበት ወዲህ ከዛፉ ሥር አልታጣም። ደግነቱ ታላቅ እህቱ ከሩቅ ታየዋለች፤ አሮጊቷ ኤሊም እዚያው ጥላው ሥር ተቀምጣ፣ አብዝቶ የወደቀውን ሁሉ መራራ ሥር እያበላች ታስመልሰው ነበር።

አንበሳ ይህን አይቶ ተቆጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ከአፉ የቦካ ሾላ የሸተተ ሁሉ ለጅብ ይሰጣል!» ብሎ ዐወጀ።

ጅብ ደስታውን መደበቅ አቃተው። «አሸታቹስ ማን ይሁን፣ ንጉሥ ሆይ?»

«አንተው ሁን።»

ዳኛውም በላተኛውም አንድ ሆነ ማለት ነው፤ እግዜር ያሳያችሁ! ኤሊም «ሰካራም ታባብያለሽ» ተብላ ከወንዙ ማዶ ተባረረች።

ሁለት ወር አለፈ። አንበሳ በዛፉ ሥር ሲንሸራሸር አንድም እንስሳ አላየም። «ጠፋ!» አለ። «ጸዳ!» አለ ጅብ። እውነትም ከዛፉ ሥር ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ገብቶ ነበር።

ቀበሮ ፍሬውን ሰብስቦ ጉድጓዱ ውስጥ ያቦካል። ትንሹ ብዙ እንዲያሰክር መርዘኛውን የአስተናግር ፍሬ ይደባልቅበታል፤ ደንበኞቹ ሲወጡ ደግሞ ሽታው እንዲጠፋ ዳማከሴ እንዲያኝኩ ይሰጣቸዋል። ጅብ የጦጣውን የሚዳቋውን አፍ ሲያሸት እየዋለ፣ «ምነው ጫካውን ሁሉ ምች መታው?» ከማለት በቀር የገባው ነገር አልነበረም።

አንድ ማለዳ የአህያው አፍ ዳማከሴ ዳማከሴ ሲል እህቱ ደነገጠች።

«ወንድም ዓለም፣ እውነቱን ንገረኝ። ትበላለህ?»

«ቀስ በይ! ጅብ ይሰማሻል።»

«ድሮ ሁለት ፍሬ ነበር የምትበላው። አሁን ግን መንምነህ አለቅህ።»

«አሁንማ የምበላውን እኔም አላውቀው፤ ቀበሮ የሰጠኝን ነው። ልተወው እፈልጋለሁ፣ እቴ። ማንን ልጠይቅ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል።»

«ብገልጠው ደግሞ ጅብ አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣሩ አልዋጥ አላት። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል፤ ወንድሟ ጥቂት ከዘገየ በየገደሉ እየዞረች ትፈልገዋለች።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ገደል ሥር ወድቆ አገኘችው። ዓይኑ ፈጧል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ትንፋሹም ይቆራረጣል። ልትጮኽ አፏን ከፈተች። የአህያ ጩኸት ወንዝ ይሻገራል፤ ኤሊ ትሰማለች። ጅብም ይሰማል። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ጠብቀኝ» ብላው ወደ ወንዙ ሮጠች። መንገድ ላይ ጅብ ተገተረባት።

«እመት አህያ፣ ምን ያስሮጥሻል?»

«ውሃ... ውሃ ጠምቶኝ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«እስኪ አፍሽን!» አሸተታት። ደግሞ አሸተታት። ልቧ ያለው ገደሉ ሥር ነው። ጅብ ዙሪያዋን ዞሮ፣ ሦስተኛ አሸትቶ፣ ምንም ሲያጣ እየከፋው ለቀቃት።

ኤሊን በጀርባዋ አዝላ ስትመለስ ወንድሟ ቀዝቅዞ ነበር።

«ጥቂት ቀደም ብዬ ብደርስ ይተርፍ ነበር» አለች ኤሊ፣ መራራውን ሥር ከአፏ እየጣለች። «ምነው ልጄ፣ ሳትጮኺ ቀረሽ?»

«ብጮኽ ጅብ ይመጣ ነበር፣ እማማ።»

ይህን ብላ ጮኸች። በዚያ ጫካ እንዲህ ያለ ጩኸት ተሰምቶ አያውቅም። አንበሳ መጣ፤ ጅብ መጣ፤ ከየቁጥቋጦውም እንስሳት ብቅ ብቅ አሉ። የብዙዎቹ አፍ ዳማከሴ ይሸታል።

«ሾላ መብላት ቀርቷል አላላችሁኝም?» አለ አንበሳ ግራ ተጋብቶ።

«ንጉሥ ሆይ» አለች ኤሊ፣ «በላተኛውማ ከበፊቱ በዝቷል። እርስዎ ያጠፉት ድረሱልኝ ባዩን ነው።»

ጅብ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ሬሳው ጠጋ አለ። «ታዲያ ሕጉ ይፈጸማ! ይኼ የእኔ ነው አይደል?»

አንበሳ የገዛ ሕጉን ከጅብ አፍ ሲሰማ አፈረ። ሕጉን ሽሮ ጅብን አባረረው፤ ኤሊንም ወደ ዛፉ ጥላ መለሳት። ታማሚው ሁሉ በግልጽ ወደ እሷ መምጣት ስለ ጀመረ ቀበሮ ገበያው ቀዘቀዘበትና ሌላ ጫካ ፍለጋ ሄደ። ሾላው ዛሬም ይወድቃል፤ የሚበላውም ጨርሶ አልጠፋም። እናንተ ግን አህያ ያለ ምክንያት ስትጮኽ ብትሰሙ አትቆጧት፤ ያን ቀን አፍና ያስቀረችውን ነው የምትጮኸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ቅጣት ብቻውን ሲበረታ ጥፋቱ ከዓይን ይሸሸጋል እንጂ እንደማይቀር፣ የተሸሸገ ታማሚ ዘንድም መድኃኒት በጊዜ እንደማይደርስ ነው።