ያልተነገረው ቃል

አንድ ሰው ነበረ። ከዱራሜ በላይ፣ መኪና በማይወጣበት ተራራ ወገብ ላይ የሚኖር ገበሬ ነው። ስሙ ኤርጫፎ ይባላል።

በዚያ መንደር ሰው ሲታመም አምቡላንስ አይደርስም። ጥሩምባ ይነፋል። ጎረቤት ከያለበት ይሰበሰባል፤ በሽተኛውን ቃሬዛ ላይ ያስተኙትና እየተቀባበሉ ቁልቁለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ያወርዱታል። ለዚህ ብለው ያቋቋሙት ማኅበር አላቸው። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው። መዋጮው ትከሻ ነው። ኤርጫፎ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር።

እንዴት ሊቀ መንበር እንደሆነ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ሚስቱ አማረች ምጥ ጠናባት። ጥሩምባው ተነፋ፤ የወጣው ግን ጥቂት ሰው ነው። አንዱ እርሻ ላይ ነኝ አለ። ሌላው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የመጡት ወንዶች ከአቅም በላይ ተሸከሙ፤ መንገድ ላይ ቃሬዛውን አሳርፈው ትንፋሽ ሲሰበስቡ አማረች እዚያው አረፈች።

ኤርጫፎ ሚስቱን ቀብሮ ሲመለስ የማኅበሩን ሊቀ መንበርነት ያዘ፤ በደንቡም አንድ አንቀጽ አስጻፈ፦ “ተጠርቶ ያልተሸከመ ሰው፣ ለራሱም ለቤተሰቡም ቃሬዛ አይወጣለትም።”

ጨካኝ መሰላችሁ? አትፍረዱበት። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ ሰምቶ ቤቱ የሚቀር ሰው እየጠፋ ሄደ። በዚያ አንቀጽ የተረፈች እናት ብዙ ናት።

ዘመን ግን ተለወጠ። የመንደሩ ወጣት ደቡብ አፍሪካ ገባ። ብዙው ቤት ወንድ የሌለበት ሆነ። ሴት ደግሞ ቃሬዛ አትይዝም፤ ልማዱ ነው። ታዲያ ከእነዚያ ቤቶች ማን ይሸከም? ማንም። ሲታመሙስ? በደንቡ መሠረት፣ ቃሬዛ የለም።

ማኅበሩ ደንቡን ሊያሻሽል በተሰበሰበ ጊዜ አየለች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ተነሣች። “ይህ አንቀጽ ይውጣልን” አለች። “ጋሼ ኤርጫፎ፣ በሽታ ቤቱ ወንድ አለው ወይ ብሎ አይገባም እኮ።”

“እሱን ያወጣን ቀን ጥሩምባ ሲነፋ የሚመጣ አይኖርም” አላት። “እኔ አይቼዋለሁ፣ አየለች። አንቺ ነገሩን አታውቂውም።”

አየለች ተቀመጠች።

ክርክሩ ግን ሳምንታት ፈጀ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው የሚዘምሩ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። በመጨረሻ እጅ ተቆጠረ፤ ኤርጫፎ አሸነፈ።

ጸሐፊው ሊጽፍ ጎንበስ ሲል አየለች ፈቃድ ጠየቀች።

“ድምፁን ተቀብያለሁ” አለች። “ግን ሰነፍ ይተኛ ብዬ የተከራከርኩ እንዳይመስላችሁ። አማረች ባረፈች ቀን እኛ ሴቶች ከኋላ እንከተል ነበር። ወንዶቹ ሲዝሉ ‘አንዱን ጫፍ ልያዝ’ አልኩ። ሴት አትይዝም ተባልኩ። ሁላችንም እንስራ ተሸክመን ዳገት የምንወጣ ነን። ግን ቆመን አየናት። ዛሬ ያልተሸከመች እየተባልኩ የምቆጠረው፣ ልሸከም ብዬ ተከልክዬ ነው።”



ኤርጫፎ ያን ቀን ያልመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ በልቡ ይዞ ኖሯል። መጥተው የተከለከሉ እንዳሉ ግን አስቦ አያውቅም። “አትይዝም ያለሽ ማነው?” ብሎ ጠየቃት።

አየለች ቀና ብላ አየችውና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። “ጋሼ፣ እሱ ይቅር።”

ያን ጊዜ ገባው። ያን ቀን ከፊት ሆኖ ይሸከም የነበረው እሱ ነው። ሚስቱ ከኋላው ቃሬዛው ላይ እየቃተተች፣ በጭንቀት መሀል ወደ ኋላ ዞሮ የጮኸባት እሱ ነው። እሱ ረስቶታል። እሷ አልረሳችም።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ይህች ሴት ሳምንታት ሙሉ ስትከራከር ያ ቃል አፏ ውስጥ ነበር። “አታውቂውም” ሲላት አፏ ውስጥ ነበር። በሰው ፊት “አንተ ነህ” ብትለው ክርክሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ሰውየውም አብሮ ያልቅ ነበር። አልተናገረችውም። ስትጠየቅ እንኳ አልተናገረችውም። ይህ ምን ዓይነት ልብ ነው? እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ጫማዬን ማውለቅ ያምረኛል።

ኤርጫፎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከዚያ ተነሣ። “ድምፁ የእኔ ነው” አለ። “እኔ ግን በዚህ ድምፅ መኖር አልችልም። አየለች፣ እንዴት ይጻፍ?”

“እርስዎም ልክ ነዎት፣ ጋሼ” አለች። “ግዴታው ይቅር አልልም።”

ሁለቱ ቃል እያዋጡ፣ ጸሐፊው እየጻፈ፣ እንዲህ ሆነ፦ “መሸከም የሚችል ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ጥሩምባ ሲሰማ ይወጣል። እየቻለ የቀረ በማኅበሩ ፊት ቆሞ ይጠየቃል። ለታመመ ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቃሬዛ ይወጣለታል።”

ብዙም ሳይቆይ ጥሩምባ ተነፋ። የታመመው ዳንቴቦ ነው፤ እየቻለ ተሸክሞ የማያውቅ፣ አገር ያወቀው ሰነፍ። በድሮው አንቀጽ ቢሆን ቤቱ ይቀር ነበር። ኤርጫፎ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ቃሬዛውን ከፊት ሲያነሣ ጎኑ የቆመችው አየለች ናት። ቀና ሲል ቁልቁለቱ ሰው ሆኗል፤ ወንዱ፣ ሴቱ፣ ተራውን የሚጠብቀው፣ ውሃ የያዘው። በዕድሜው ይህን ያህል ትከሻ አንድ ላይ አይቶ አያውቅም።  ዳንቴቦም በሕይወት ደረሰ።

ወገኖቼ፣ የራሳችሁን ሸክም ተሸከሙ ተብለናል። የሌላውንም ሸክም ተሸከሙ ተብለናል። ኤርጫፎ አንዱን ያዘ፣ አየለች ሌላውን ያዘች፤ ሁለቱም ከአንድ ሞት የተማሩት ነው። እናንተስ በቤታችሁ፣ በእድራችሁ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ውስጥ፣ ከማን ጋር ነው የተኳረፋችሁት? ያ ሰው ለእናንተ ክብር ሲል የዋጠው ቃል እንደሌለ በምን አወቃችሁ?

በድምፅ ያሸነፋችሁት ሰው ካለ፣ ዛሬ ቤቱ ሂዱ። አጠገቡ ተቀመጡ። “ያልነገርከኝ ምንድን ነው?” በሉት። ከዚያ ዝም በሉና ስሙት።