ገሳ ሠሪው ጥላዬ ገበያን እንዴት እንደ ተማረ

ተረት መጣች፣ ልጆቼ።

«ትምጣ፣ ትቀመጥ!» በሉኛ። ጎሽ! እንግዲህ ስሙ።

በድሮ ጊዜ፣ ጉም ከማይለየው ደጋ አገር፣ ጥላዬ የሚባል ገሳ ሠሪ ነበረ። ገሳ ታውቃላችሁ? ከጓሳ ሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው። ከራስ ላይ ይደፋል፣ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ጥላዬ የሠራው ገሳ ቀኑን ሙሉ ቢዘንብበት አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። እጁ እንዲያ የተባረከ ነበር።

ምላሱ ግን አልታደለችም። ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ትተሳሰራለች፤ ጆሮው እንደ በርበሬ ይቀላል። ስለዚህ ገሳውን ለጎረቤት እንዲያው ይሰጣል፣ የቀረውን ከጣሪያው ሥር ይከምራል። የሚተዳደረው በእርሻው ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በረዶ ወረደ። እሸቱን ገብስ ከምድር ጋር አጣበቀው። ጎተራው ባዶ ቀረ። ሚስቱ አትጠገብ የጎተራውን ወለል ጠራርጋ ለልጆቿ ቅንጬ ካበሰለች በኋላ እንዲህ አለችው፦

«ጥላዬ፣ ከጣሪያ ሥር የተከመረውን ገሳ ገበያ አውጣው። በእህል ለውጠው።»

«እኔ ገበያ አላውቅም» አላት። «ሰው ይስቅብኛል። መጀመሪያ ልማር።»

ከመንደሩ በላይ ጓንጉል የሚባል የጨው ነጋዴ ነበረ። በቅሎዎቹ ብዙ፣ ሆዱም ሰፊ። በዚያ አገር ጨው ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። ጥላዬ ሄደና ከደጁ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ገበያ ያስተምሩኝ።»

ጓንጉል ጢሙን ዳሰሰ። «ደግ አስበሃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። አገልግለኝ፣ የገበያን ምስጢር አስተምርሃለሁ።»

ጥላዬ አገለገለ። እንጨት ፈለጠ፣ ውሃ ቀዳ፣ በቅሎ ጫነ። «ጌታዬ፣ ትምህርቱስ?» ሲል፣ «ገና አልበሰልክም» ይለዋል። እንጨት ፈለጠ፣ ውሃ ቀዳ፣ በቅሎ ጫነ። «ጌታዬ፣ ትምህርቱስ?» «ገና አልበሰልክም።»

መኸሩ አለፈ፣ በጋው ገፋ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጓንጉል በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሦስት ምክር ብቻ ነገረው። የመጀመሪያው፣ «ዕቃህን ሸፍን፤ ሰው የተሸፈነ ይወዳል» የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ «ዕቃህን እስከ ሰማይ አሞግስ።» ሦስተኛው፣ «ገዢ ሲያወራ አትስማ፤ ጆሮ የሰጠ ይሸነፋል።»

«አሁንስ በሰልኩ?» አለ ጥላዬ።

«ገና ነህ» አለው ጓንጉል። «በል ውሃ ቅዳ።»

በልግ ሲዘንብ ጥላዬ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወረደ። አትጠገብ የሰው ማሳ ስታርም፣ የሰው ጥጥ ስትፈትል ከርማ ልጆቿን አሳድራለች። ጥላዬ እጇን አየ። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። አንገቱን ደፋ።

«ምን ተማርክ?» አለችው።

ሦስቱን ምክር ነገራት። አዳመጠችው፣ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።

«እውነት ናቸው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

ጥላዬ ከጣሪያው ሥር ወደተከመረው ገሳ ቀና ብሎ አየ።

«ገበያ ነዋ የሚያውቀው!» አለችው። «ሂድና እሱን ጠይቀው።»

ጥላዬ ወደ ጓንጉል ቤት አልተመለሰም። የገበያ ቀን ሲደርስ ገሳውን ጠቅልሎ በአህያ ጫነና ወጣ።

በመጀመሪያው ምክር ጀመረ። ገሳዎቹን እንደ ተጠቀለሉ አስቀምጦ በቁርበት ሸፈናቸው።

«ምንድን ነው?» አለው አንድ አላፊ።

«ምስጢር ነው» አለ ጥላዬ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«የተሰረቀ ዕቃ ይሆናላ!» ብሎ ሰውዬው አለፈ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ለሽያጭ የመጣ በሬ እየተነዳ ደረሰ። አሸተተ። አፍንጫውን ከቁርበቱ ሥር ከተተና አንዱን ገሳ ጎትቶ ያመነዥከው ጀመር።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ!» አለ ባለበሬው ገመዱን እየሳበ። «ድርቆሽ የምትሸጥ መስሎኝ!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ያ ጥላዬ ሲፈራው የኖረው ሳቅ ይኸው መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። መሬቷ ግን አልተከፈተችም። ሳቁ አለፈ፣ የሳቁትም በየጉዳያቸው ሄዱ። ጥላዬ እዚያው ነው፤ አልሞተም። «ይኸው ነው እንዴ?» አለ በልቡ።

ቤቱ ሲገባ አትጠገብ ከበር ጠበቀችው።

«ምን ሸጥክ?»

«ምንም። አንዱን ገሳ በሬ በላብኝ።»

«ምን አየህ?»

ጥላዬ አሰበ። «ሲጠቀለል ሣር ነው። ልብስ መሆኑን ማንም አላወቀ።»

«እንግዲያው ልብስ ይሁን» አለችው።

በሚቀጥለው ገበያ ገሳዎቹን ዘርግቶ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀላቸው። ከሩቅ ይታያሉ። ሰው ቀረብ ቀረብ አለ። ጥላዬ ሁለተኛውን ምክር ሊሞክር ዓይኑን ጨፈነና ጮኸ፦

«ንጉሥ የሚለብሰው ገሳ! መልአክ የጎነጎነው ገሳ! እንዲህ ያለ ከሰማይ በታች የለም!»

ከአጠገቡ ጠላ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እማማ ዘነቡ ይባላሉ። ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ንጉሥ ሣር ለብሶ አይቼ አላውቅም። ይልቅስ ዝናብ ይመልሳል?»

«ይመልሳል፣ እማማ።»

«ማን አየ?»

ጥላዬ ዓይኑን ገለጠ። የቆመው ሰው ሁሉ ይህንኑ የሚጠይቅ ይመስላል። ማን አየ? ምላሱ ታሰረች። ሰዉም አንድ በአንድ ተበተነ።

«ምን ሸጥክ?» አለችው አትጠገብ።

«ምንም።»

«ምን አየህ?»

«ሰው የእኔን አፍ አያምንም። በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።»

«እንግዲያው አሳየው» አለችው።

በሦስተኛው ገበያ ጥላዬ አንዱን ገሳ ራሱ ለበሰ። በጣባ፣ በትንሽ የሸክላ ሳህን፣ የገብስ ዱቄት ይዞ ከእማማ ዘነቡ ፊት በርከክ አለና ዱቄቱን ከገሳው ውስጥ ከደረቱ ላይ አቀፈው።

«እማማ፣ እባክዎ ውሃ ያፍስሱብኝ።»

«አብደሃል እንዴ ልጄ?»

«አላበድኩም። ያፍስሱ።»

እማማ ዘነቡ ሳቁ። «ስሜ ዘነቡ አይደለም? እንግዲያው ልዝነብብህ!» አሉና ገንቦ ሙሉ ውሃ ከራሱ ላይ ለቀቁበት። ገበያተኛው ግር ብሎ መጣ። ውሃው በገሳው ላይ ተንሸራቶ መሬት ወረደ። ጥላዬ ተነሣ፤ ጣባውን አወጣና በዱቄቱ ላይ እፍ አለበት። ዱቄቱ ቡን ብሎ የቆሙትን ሰዎች ጢም አነጣው!

ያን ጊዜም ሳቁ። ይህኛው ሳቅ ግን እጅ ይዞ መጣ፤ እየሳቁ ገሳውን ዳሰሱት፣ እየሳቁ ለበሱት።

አንድ ገበሬ ለብሶ ሁለት ጊዜ ተራመደና አወለቀው። «ደግ ነው። ለእኔ ግን አይሆንም።»

ጥላዬ ሦስተኛው ምክር ትዝ አለው። ገዢ ሲያወራ አትስማ። ዝም ሊል ነበር። አላስቻለውም።

«ለምን አይሆንህም፣ ወንድሜ?»

«ረጅም ነው። እርፍ ይዤ ጎንበስ ስል ያደናቅፈኛል።»

«የቱ ጋ ነው የሚያደናቅፍህ? እስኪ ጎንበስ በል።»

ሰውዬው እንደሚያርስ ሆኖ አሳየው። ልጅ ያዘለች ሴትም ተጠግታ፣ «እኔ ብለብሰው ልጄ ይታፈንብኛል» አለችው። «ዞር በይ እስኪ፣ እህቴ» አላት። ጠየቀ፣ ለካ፣ መለሰ፣ ደግሞ ጠየቀ። ድንገት ራሱን ታዘበ። ምላሱ አልታሰረችም! ሲያሞግስ የምትታሰረው ምላስ ሲጠይቅ ተፈታች።

«ምን ሸጥክ?» አለችው አትጠገብ።

ጥላዬ ከአህያው ላይ አንድ ስልቻ ገብስ አወረደ። እሷ እጇን ስልቻው ውስጥ ከታ ገብሱን ዘገነች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምን አየህ?» አለችው ቆይታ።

ያን ማታ ጥላዬ ያየውን ሲነግራት የቀረበለት ምግብ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲያ ለገበሬ አጠር ያለ፣ ለእናት ከጀርባው ሰፋ ብሎ የሕፃን መተንፈሻ ያለው ገሳ ጎነጎነ። አንዳንዱ አልሆነም፤ ለአህያ የሠራውን አህያዋ በላችው። የሆነውን ያዘ፣ ያልሆነውን ተወ። ጎተራው ሞላ፤ አትጠገብ የሰው ማሳ ማረሟን ተወች።

ወሬው ጓንጉል ዘንድ ደረሰ። ጓንጉልም በቅሎውን አስጭኖ ከዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው አባ ይትባረክ የሚባሉ፣ ከዋርካ ሥር የሚፈርዱ ሽማግሌ ነበሩ።

«ጌታዬ» አለ ጓንጉል፣ «ይህን ሰው ገበያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሚሠራው ገሳ እኩሌታው ይገባኛል።»

«እውነት ነው?» ብለው ጥላዬን ጠየቁት።

ጥላዬ መዋሸት አያውቅም። «ሦስት ምክር ነግረውኛል፣ ጌታዬ።»

ጓንጉል ፈገግ አለ። ያን ጊዜ አትጠገብ ነጠላዋን አደግድጋ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ቃል ይፈቀድልኝ። አስተማሪ ከተማሪ ይበልጣል። እንግዲህ አቶ ጓንጉል በማያውቋቸው ሰዎች ገበያ፣ በምክራቸው ገሳ ሸጠው ያሳዩን። ከተሸጠ እኩሌታውን ይውሰዱ፤ እኛም አንከራከር።»

«ይሁን!» አለ ጓንጉል። «ይህ ለእኔ ምን ቁም ነገር ነው!»

ዳኛው፣ ጓንጉል፣ ጥላዬና አትጠገብ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ገበያ ወረዱ። ጓንጉል ምንጣፍ አስነጠፈና ተቀመጠ። ገሳዎቹን ጠቅልሎ በጥሩ ጨርቅ ሸፈናቸው። ጨው ሲሸጥ እንደለመደው ሰው ተሰልፎ እስኪለምነው ጠበቀ። ማንም አልመጣ። «ከእኔ የተሻለ ነጋዴ የለም! ከእኔ ዕቃ የተሻለ ዕቃ የለም!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብሎ ያየው የለም። አንዲት ሴት ቀርባ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ለልጅ…» ብላ ስትጀምር፣ «ግዢ ወይም እለፊ!» አላት። አለፈች።

ያን ጊዜ ሰማይ ጠቆረ። ነጎደ። ዝናቡ ወረደ፣ ምን ዝናብ! ገበያተኛው እየተሯሯጠ በጓንጉል ፊት አለፈ፤ ገሳውም ከጓንጉል እግር ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጓንጉል ሣር መልበስ አፈረ። ካባው በሰበሰ፣ ጢሙ ተንጠባጠበ፣ ጥርሱ ተንገጫገጨ። ሆኖም ከምንጣፉ አልተነሣም።

ጥላዬ ቆሞ ያያል። ያ ሁሉ እንጨት፣ ያ ሁሉ ውሃ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ግን ሽማግሌ ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ማየት አልቻለም። ሄደ፣ አንዱን ገሳ ፈታና ከጓንጉል ትከሻ ላይ ጣለለት።

«ከአንገትዎ ጠበበዎት?» አለው።

ጓንጉል ገሳውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ኧረ… ይሞቃል» አለ።

ከዛፍ ሥር የተጠለሉት ሰዎች ይህን አዩ። «ያ ምንድን ነው የለበሱት?» እያሉ መጡ። ዝናቡ ሳያባራ ከገሳው አንድ አልቀረም።

አባ ይትባረክ ወደ ዋርካው ሥር ተመልሰው ፈረዱ። «ጓንጉል፣ ሦስት ምክርህን ገበያ ፊት አቆምናቸው፤ ሦስቱም ወደቁ። አንተን ሀብታም ያደረገህ ያለ ጨው መኖር የማይችለው ሕዝብ እንጂ የገበያ ጥበብ አይደለም። ከገሳው ምንም አይገባህም። ይህ ሰው ያገለገለህን ያህል፣ አንተ ደግሞ ገሳውን በበቅሎህ ጭነህ ከገበያ ገበያ ታደርስለታለህ።»

ጓንጉል ተነጫነጨ፤ ግን ጫነ። መጀመሪያ ከበቅሎው አጠገብ አኩርፎ ቆሞ ይውል ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ ግን አንድ ቀን ጥላዬ ዞር ሲል፣ ያ ኩሩ ነጋዴ ልጅ ካዘለች ሴት ፊት ጎንበስ ብሎ፣ «የቱ ጋ ነው የሚይዝሽ፣ ልጄ?» ሲላት ሰማው። ጥላዬ አልሳቀበትም። ሌላ ገሳ አቀበለው።

ለዚህ ነው አባቶች፣ «ወንዝን ያወቀ የተሻገረው እንጂ ዳር ቆሞ ያወራው አይደለም» የሚሉት።

በሉ ልጆቼ፣ ተረቴን ተቀበሉ፣ ለተረኛው አቀብሉ።