ብርነሽና ያለ ሪባን የማይዞረው ፈረስ

ተረቴ በር ላይ ቆማለች፤ አስገቧት።

በአንድ ከተማ ዳር የመዝናኛ ቦታ ነበረ። ብርነሽ የምትባል ሴት እዚያ አበባ ስትኮተኩት፣ ሣር ስታጭድ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረች። በሙዚቃ የሚዞረውን የእንጨት ፈረስ ግን በአጠገቡ ስታልፍ እንጂ ተቀምጣበት አታውቅም። ለሠራተኛ መሳፈር ክልክል ነዋ። አሁን ጡረታ ወጣች፤ በስድስት ሰዓት አውቶቡስ ልጇ ዘንድ ወልድያ ልትሄድ ነው፣ ላትመለስ። ቀኑ ደግሞ የመስከረም የአደይ በዓል የሚከፈትበት ሆነ። «ፈጣሪዬ፣ አንድ ዙር ብቻ» ብላ አማተበችና እንደ ሰው ትኬት ቆርጣ በሦስት ሰዓት ገባች።

ፈረሱን የሚያዞረው ንጋቱ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ንጋቱ ልጄ፣ አንዴ አዙረኝ።»

«እትዬ ብርነሽ፣ አይፍረዱብኝ። ሪባን ሳይቆረጥ እንዳታዞር ተብያለሁ።»

«ፈረሱን የሚያዞረው መብራት መስሎኝ።»

«ድሮ ነበር» አላት።

ፈረሱ ያለ ሪባን አይዞር። ብርነሽ ሪባኑን የሚቆርጡት የክብር እንግዳ ዘንድ ሄደች። እንግዳው መኪና ውስጥ መስኮት ዘግተው ተቀምጠዋል። አንኳኳች፤ መስኮቱ አራት ጣት ያህል ዝቅ አለ።

«ጌታዬ፣ ወርደው ሪባኑን ቢቆርጡልኝ፤ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው።»

«እናቴ፣ እኔ እቅፍ አበባ ሳልቀበል ወርጄ አላውቅም። ሳይጠሩት መጣ እንዳልባል» አሉና መስኮቱ ተመልሶ ወጣ።

ፈረሱ ያለ ሪባን አይዞር፣ ሪባኑ ያለ እንግዳ አይቆረጥ፣ እንግዳው ያለ አበባ አይወርድ። ብርነሽ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደች። ከአጥሩ ውጭ ጋራው በአደይ ቢጫ ለብሷል። ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ግን «ይረግፋል፣ ያቆሽሻል» ብለው ባለፈው ሳምንት ራሷን ብርነሽን አሳጭደዋታል። የአደይ በዓል አበባ ላስቲክ ነው፤ ካርቶን ውስጥ ተቆልፎበታል።

«ፈለቀ፣ ወይ አበባውን አውጣ፣ ወይ እኔ ከጋራው ትኩሱን ለቅሜ ልምጣ» አለችው ዕቃ ጠባቂውን።

«ትኩሱ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ እህቴ። ላስቲኩም ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ ንቅንቅ አይል።»

ፈረሱ ያለ ሪባን አይዞር፣ ሪባኑ ያለ እንግዳ አይቆረጥ፣ እንግዳው ያለ አበባ አይወርድ፣ አበባው ያለ ፊርማ አይወጣ። ብርነሽ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አጥብቆ፣ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ደግኖ ተቀምጧል።

«ጎሽ፣ ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። ይፈርሙልኛ።»

«እፈርማለሁ፣ እትዬ። ግን ስፈርም ፎቶ መነሣት አለብኝ። ሰው ያላየው ፊርማ ጭረት ነው።»

ፈረሱ ያለ ሪባን አይዞር፣ ሪባኑ ያለ እንግዳ አይቆረጥ፣ እንግዳው ያለ አበባ አይወርድ፣ አበባው ያለ ፊርማ አይወጣ፣ ፊርማው ያለ ፎቶ አይፈረም። አምስት ሰዓት ሞላ። ብርነሽ ፎቶ አንሺዋን ድንኳን ሥር አገኘቻት፤ ካሜራዋን ታቅፋ ሙዝ ትበላለች። «ልጄ፣ ሥራ አስኪያጁን ሲፈርም አንሺልኝ» አለቻት።

«እማማ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ግን የበዓሉ የመጀመሪያ ፎቶ ፈረሱ ሲዞር ይሁን፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ሥራ አስኪያጁ።»

እንግዲህ ፈረሱ ያለ ሪባን አይዞር፣ ሪባኑ ያለ እንግዳ አይቆረጥ፣ እንግዳው ያለ አበባ አይወርድ፣ አበባው ያለ ፊርማ አይወጣ፣ ፊርማው ያለ ፎቶ አይፈረም፣ ፎቶው ያለ ፈረስ አይነሣ። ብርነሽ ከተነሣችበት ተመልሳ ፈረሱ ሥር ቁጭ አለች።

«ፈረሱ ቆሞ እኔ ስዞር ዋልኩልህ» አለችው ንጋቱን።

ንጋቱ አንገቱን ደፋ። እሷም ቀና ብላ ፈረሱን አየችና «ለመሆኑ ዛሬ ፈረሱን ፈትሸኸዋል? ሌላ ቀን ሰው ሳይወጣበት በፊት ከረጢት ጭነህ ታዞረው የለ» አለችው።

«ፍተሻማ ሪባን አይጠይቅም። ግን የምጭነውን የአሸዋ ከረጢት ለድንኳኑ ገመድ ማሰሪያ ወሰዱብኝ።»

«ስንት ኪሎ ነበር?»

«ሃምሳ።»

ብርነሽ ነጠላዋን አጣፋች። «እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ። ሁለቱን ኪሎ እግዜር ይቅር ይበለን። ፍተሻው ስንት ዙር ነው?»

«ሦስት።»

«አንድ ነበር የለመንኩት» አለችና በስመ አብ ብላ ወጣች። ንጋቱም ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ።

ፈረሱ ዞረ። ፈረሱ ቢዞር ፎቶው ተነሣ፣ ፎቶው ቢነሣ ፊርማው ተፈረመ፣ ፊርማው ቢፈረም አበባው ወጣ፣ አበባው ቢወጣ እንግዳው ወረዱ፣ እንግዳው ቢወርዱ ሪባኑ ተቆረጠ። «እነሆ፣ ፈረሱ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ይዞራል» አሉ እንግዳው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ብርነሽ በዚያን ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ሆና ወልድያ መንገድ ጀምራለች።

ንጋቱ የፍተሻ ደብተሩን ገልጦ «አንድ ከረጢት አሸዋ፣ ሦስት ዙር» ብሎ ጻፈ። እውነቱን መደበቅ ደግሞ ከበደውና «ከረጢቱ ሲስቅ ነበር» ብሎ ጨመረበት።

ተረቴ እዚህ ወረደች፤ ወንበሩ አልቀዘቀዘም፣ ተረኛ ካለ ይቀመጥበት።