ሞኒተሩን ያፈነችው ሴት

አንዲት ሴት ባሏን ሆስፒታል ታስታምም ነበር። ክፍሉ የስድስት አልጋ ነው። ባልየው ሳንባውን ታሟል፤ በአፍንጫው የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎለታል፤ ጣቱ ላይ መቆንጠጫ ተሰክቶለታል፤ ከራስጌው የኦክስጅኑን መጠን በቁጥር የሚያሳይ ሞኒተር ቆሟል።

ሞኒተሩ ይጮኻል። ሰውየው ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ይጮኻል፤ ሲያስል ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ሲስተር ትመጣለች፣ መቆንጠጫውን ታስተካክላለች፣ ትሄዳለች። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልተፈጠረም። መጮኽ ግን ሥራው ነው።

ሴትየዋ ተሳቀቀች። ለባሏ መሰላችሁ? አይደለም። አጠገቡ ለተኙት ሽማግሌ፣ ለጋሽ ደግፌ ነው። ጋሽ ደግፌ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ይገላበጣሉ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ በጠበጥንዎት" ትላቸዋለች።

"ኧረ ምንም አይደል ልጄ።"

ማን ያምናል? እኛ አገር "ምንም አይደል" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ።

ይሉኝታ ያዛት። ኮመዲኖው ላይ ከጉሉኮሱ የተረፈ ፕላስተር ነበር። ቆርጣ የሞኒተሩ ድምፅ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ለጠፈችው። አልበቃትም፤ መሐረቧን አጣጥፋ ደረበችበት። ሞኒተሩ ዝም አለ? አላለም። ይጮኻል፤ የሚሰማው ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂ መጣ። የዕድር ሰዎች ናቸው፤ ሰባት ይሆናሉ። "እግዜር ይማርህ" ብለው ሲወጡ እሷም ልትሸኛቸው ተከተለች። ለጥየቃ የመጣን ሰው ከአልጋው ሥር ሆኖ "ደህና ዋሉ" ማለት ነውር ነው። እስከ ግቢው በር ሄደች።

በዚህ መሀል ባሏ በእንቅልፍ ልቡ ቱቦውን ከአፍንጫው ነቀለው። ቁጥሩ ወረደ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ ጋሽ ደግፌ አያዩትም፣ ሌሎቹ በሽተኞች ተኝተዋል። ሞኒተሩ በፕላስተርና በመሐረብ ውስጥ ጮኸ። ሲስተር ከበሩ ማዶ፣ ዐሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ካርድ ትጽፍ ነበር። ብትሰማ ኖሮ ለመድረስ ስንት ሰኮንድ ይፈጅባት ነበር? እናንተው ገምቱ።

ሴትየዋ ስትመለስ የባሏ ከንፈር ጠቁሯል። "የሰው ያለህ!" ብላ ጮኸች። ይህን ጊዜ ሁሉም ሰማ። ሲስተር ሮጣ ደረሰች፤ ቱቦውን መለሰች፤ ሐኪም ተጠራ። ሰውየው ለጥቂት ተረፈ።

ሲስተር ፕላስተሩን ስትልጠው ሴትየዋ እያለቀሰች፣ "ለጋሽ ደግፌ ብዬ ነው፤ እንቅልፍ ነሣናቸው ብዬ" አለች።

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ለኔ? እኔማ ልጄ፣ ማሽኑ ሲጮኽ ደስ ይለኝ ነበር። አስታማሚ የለኝም። ሲስተር ለሱ ስትመጣ ለኔም ዞር ብላ 'እንዴት ነዎት አባባ?' ትለኛለች። ዛሬ ዝም ሲል ጊዜ፣ ምነው ዛሬ ማንም አልመጣ እያልኩ ነበር።"

ወገኖቼ፣ በዚህች ሴት ላይ አትፍረዱ። ክፉ አይደለችም። ጨዋ ናት። ባሏን ለሞት ያቃረበው ያው ጨዋነቷ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በእናንተ ቤት የሚጮኸው ምንድን ነው? በምን አፈናችሁት?

ልጅህ በመጠጥ እየጠፋ ነው፤ ዘመድ ሲጠይቅህ "ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" ትላለህ። እህትሽ ባሏ ይደበድባታል፤ "ገመናሽን ያዢ" ትያታለሽ። አንተ ራስህ እንቅልፍ ካጣህ አራት ወር ሆኖሃል፤ "እንዴት ነህ?" ሲሉህ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለህ ታልፋለህ። ምስጋናው መልካም ነው። በምስጋና ግን ቁስል አይሸፈንም።

ለማን ብላችሁ ነው ዝም የምትሉት? ለጎረቤት? ጎረቤት ዝም በሉልኝ ብሏችኋል? ጠይቃችሁታል? እሱም ብቻውን ተቀምጦ፣ በሩን የሚያንኳኳለት ሰው እየጠበቀ ቢሆንስ?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ መስኮቱን ክፈቱ። ጎረቤት ይስማ። ይስማና ይምጣ።