ወፏ የጠራችው ስም

ቸኩሎ ለተናገረ ሰው የምንወረውራት አንዲት አጭር አባባል አለች። እንደ ዋዛ እንላታለን እንጂ አመጣጧን የሰማ ሰው አፉን ሞልቶ አይላትም።

ድሮ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር የጭቃ ሹሙ ጎተራ ተቃጠለ። ያቃጠለው ስላልታወቀ አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይታገዳል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው አውጫጭኙን ወደሚመራው ሽማግሌ ጠጋ ብሎ «ወፍ ነገረችኝ» ይልና ስም ይጠራል። ወፏ ራሱ ጠቋሚው ነው፤ ማን እንደሆነች ለተከሳሹ አይነገርም። ዋሽታ ከተገኘች ግን የእሱ ቅጣት በእሷ ላይ ይዞራል። ለፈሪ የሚመች፣ ኋላም ፈሪን የሚበላ ዳኝነት ነው።

ከታገዱት አንዱ ጓንጉል ሚስቱን ምጥ ላይ ጥሏት ነበር የመጣው። የፊተኛዋ ሚስቱ የሞተችው በምጥ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከታገዱት መሀል ተነሥቶ ወጣ።

«አያ መርሻ፣ ይልቀቁኝ! ትሞትብኛለች!» አላቸው ሽማግሌውን።

«ጥፋተኛው ይውጣና ሁላችሁም ትሄዳላችሁ።»

ዓይኑ ጎረቤቱ ይርዳው ላይ አረፈ። ይርዳው ከጭቃ ሹሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ ከርሟል። ‹አላቃጠልኩም ብሎ ይምላል፣ ይለቁታል› ሲል ጓንጉል ራሱን አታለለ። ከዚያ የሽማግሌው ጆሮ ሥር ገብቶ፣ «ወፍ ነገረችኝ፤ ይርዳው ነው» አለ።

አያ መርሻ ትክ ብለው አዩት። «ወፏ በዓይኗ አይታለች?»

«አይታለች።»

ይርዳው ታሰረ፤ ሰዉም ተለቀቀ። ጓንጉል እየሮጠ ቤቱ ሲደርስ እልልታ ተቀበለው። ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ደጅ የወጣችው የይርዳው ሚስት ጥሩዬ ነበረች።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ! እትብቱ አንቆት ነበር፤ ስንት ታገልኩ መሰለህ!» አለችው። ከዚያ ከኋላው እያየች፣ «ይርዳውስ? አብራችሁ አልተለቀቃችሁም?» ብላ ጠየቀች።

ጓንጉል ዞሮ ወደ ሜዳው ሮጠ። አያ መርሻ ብቻቸውን ቆመዋል። ጠባቂዎቹ ይርዳውን ቆላ ወዳለው የገዢው ወህኒ እየነዱት አፋፉ ላይ ደርሰዋል፤ ከዚያ ወህኒ የተመለሰ ሰው አይታወቅም።

«አያ፣ ወፏ ተሳስታለች! ያስመልሱልኝ!»

«ተሳስታለች ወይስ ዋሽታለች? ዋሽታ ከሆነ ገመዱ ያንተ ነው። በል ጮኸህ ንገራቸው፤ ገና ይሰሙሃል።»

ጓንጉል አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ የልጁ ለቅሶ ከቤቱ በኩል መጣ፤ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። እሱ ሲያመነታ ጠባቂዎቹ ወደ ቁልቁለቱ ገቡ። መጨረሻ ላይ የታየው የይርዳው ጋቢ ነበር።

ያኔ «ዋሽቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ከጠባቂዎቹ ግን የሰማው አልነበረም። ተከትሎ ልውረድ ብሎ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከገደሉ ሳይነቅሉ፣ «አይ ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉት።