የአቶ ደምመላሽ ሰይቼንቶ

አንድ ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው አዳማ ወደ አቶ ደምመላሽ ቤት ሄዱ፤ ልጃቸውን ምንትዋብን አንተነህ ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ። ከዚህ በፊት የተላኩት ሽማግሌዎች «ገና ልጅ ናት» ተብለው ተመልሰዋል። ምንትዋብ ሠላሳን አልፋለች፤ አባቷ ዛሬም እምቢ እንዳይሉ ፈርታ ጓዳ ተቀምጣ ጆሮዋን ጥላለች።

አቶ ደምመላሽ የመኪና ፍቅር ያናወዛቸው ሰው ናቸው። የሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከቤተሰብ ፎቶ ይልቅ አሮጌ ታርጋ ይበዛል። ከጣሊያን ዘመን አውቶቡስ የተነቀለ ጡሩምባ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል።

ዋናው ሽማግሌ አቶ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የመጣንበት ጉዳይ...» ከማለታቸው፣

«ቆይ ቆይ! መጀመሪያ ልጄን እዩልኝ» አሉ አቶ ደምመላሽ።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ እንዲህ በመቅለሉ ደስ ብሏቸው ተነሡ። አቶ ደምመላሽ ጓሮ ወሰዷቸውና አንድ ትልቅ ሸራ ገለጡ። አንዲት ትንሽ ቀይ ፊያት ሰይቼንቶ ጎማዋ መሬት እንዳይነካ ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች።

«በዚች መኪና የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ ጅብ ተከተለኝ። ደክሞት ተመለሰ!»

«ጅቡ ነው የደከመው?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው!»

«አሁንም ይነዷታል?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«ምን ማለትዎ ነው? አስፋልት ጎማዋን እንዲበላው? ከግቢ ከወጣች ስንት ዘመኗ! ፀሐይ አይነካት፣ ሰው አይነካት። ስለምወዳት እኮ ነው!»

ከዚያ የፍሬኑ ታሪክ ቀጠለ፤ ከፍሬኑም የመሪው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አቶ ሽብሩ እንደ ምንም ብለው ጉዳዩን ተናገሩ።

«ምንትዋብን?» አሉ አቶ ደምመላሽ ሸራውን እየመለሱ። «ገና ልጅ ናት። እኔ ልጄን እወዳታለሁ። ምን አስቸኮላችሁ?»

«ያስቸኮለንማ ይኸው ፍቅርዎ ነው» አሉ አቶ ሽብሩ። «እርስዎ የወደዱትን ነገር ድንጋይ ላይ ሰቅለው ሸራ ያለብሱታል። ልጅቷ ሸራ ሳትለብስ እንድረስላት ብለን ነው!»

በጓዳው መስኮት ስታዳምጥ የነበረችው ምንትዋብ ሳቋ አመለጣት። አቶ ደምመላሽ አንዴ ወደ ጓዳው፣ አንዴ ወደ ሸራው አዩና ተነፈሱ።

«እሺ፣ ልጅቷን ውሰዱ። ግን ለሠርጉ መኪናዋን እንዳትጠይቁኝ!»